ሰባት ወሬ ነው፤ ጫማዬ አልገባ አለኝ፣ ተረከዜም ጠዋት ጠዋት ይወጋኛል

የሂሳብ መምህርት
ሰላም ለእናንተ ይሁን። ሰባተኛ ወሬን የያዝኩ፣ የመጀመሪያ ልጄን የምጠብቅ መምህርት ነኝ። በቀን አምስት ክፍለ ጊዜ ቆሜ አስተምራለሁ፤ ትምህርት ቤታችን ፎቅ ስለሆነ በየመካከሉ ደረጃ መውጣትና መውረድም አለ። ችግሬ ሁለት ነው። አንደኛው፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በኋላ ቁርጭምጭሚቴ ያብጥና የካልሲዬ ላስቲክ ያረፈበት ቦታ ዙሪያውን ቦይ የተቀደደበት ይመስላል፤ በአውራ ጣቴ ስጫነውም ጉድጓዱ ቶሎ አይሞላም። ሁለተኛውና ይበልጥ ያስጨነቀኝ የተረከዜ ጉዳይ ነው። ጠዋት ከአልጋ ወርጄ የመጀመሪያውን እርምጃ ስረግጥ የግራ ተረከዜ ሥር ሚስማር የረገጥኩ ያህል ይወጋኛል። ግድግዳ ይዤ አሥር አሥራ አምስት እርምጃ ከሄድኩ በኋላ ይቀልልኛል፤ ማታ ደግሞ ተመልሶ ይመጣል። ቁጥር 38 ነበር የማደርገው፤ አሁን ታኮ ጫማዎቼ ይቅሩና የሸራ ጫማዬም ጣቶቼን ይጨብጣቸዋል።

ለክትትል ስሄድ ጠይቄ ነበር። የተሰጠኝ መልስ «እርጉዝ አይደለሽም እንዴ? ስትወልጂ ይጠፋል» የሚል ብቻ ነው። አማቴ እግሬ ማበጡን አይተው ወንድ ልጅ ነው ብለው ደስ ብሏቸዋል፤ ማታ ማታም እግሬን በሞቀ የጨው ውሃ ይዘፈዝፉልኛል። ጎረቤቴ ደግሞ ወጌሻ ጋ ልውሰድሽ እያለች ትወተውተኛለች። ማንን ልስማ? ይህ ሁሉ በእርግጥ የተለመደ ነው? የሚጠፋስ ከሆነ መቼ ነው የሚጠፋው?

የሦስት ልጆች እናት
ልጄ፣ በመጀመሪያ ማርያም በሽልም ታውጣሽ። «ስትወልጂ ይጠፋል» ያሉሽ ግማሹ እውነት ነው። እብጠቱ ይጠፋል፤ የእኔ የጫማ ቁጥር ግን እስከ ዛሬ አልተመለሰም። ስዳር 37 ነበርኩ፤ ከመጀመሪያ ልጄ በኋላ 38 ሆንኩ፤ ከሁለተኛው በኋላ 38ም ጠበበኝና 39 ገባሁ። በሦስተኛው ምንም አልጨመርኩም። የሠርጌን ጫማ አሁን የምታደርገው ትልቋ ልጄ ናት። ተረከዜን የጎዳኝ ምን እንደሆነ ልንገርሽ፤ በኤሌክትሪክ ምጣድ ፊት ባዶ እግሬን ሲሚንቶ ላይ ቆሜ የሳምንቱን እንጀራ መጋገሬ ነው። ቤት ውስጥ ጫማ ማድረግ የቅንጦት ይመስለኝ ነበር።

አዋላጅ ነርስ
ጤና ይስጥልኝ። የምሠራው በአንድ ጤና ጣቢያ ነው፤ እንደ እህታችን ያለ ጥያቄ በየሳምንቱ ይገጥመኛል። መልስ ከመስጠቴ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ የደም ግፊትሽ ለመጨረሻ ጊዜ የተለካው መቼ ነው? ቁጥሩ ስንት ነበር? ሽንትሽስ ለፕሮቲን ተመርምሯል? የክትትል ካርድሽ ላይ ተጽፎ ታገኚዋለሽ። ካልተጻፈ ነገ ጠዋት ሄደሽ አስለኪ።

አሁን ስለ እብጠቱ ላስረዳ። በእርግዝና ወቅት በሰውነት ውስጥ የሚዘዋወረው ደም ከወትሮው እስከ ግማሽ ያህል ይጨምራል፤ ሰውነትም ውሃ ይይዛል። በዚያ ላይ ያደገው ማሕፀን ደምን ከእግር ወደ ልብ የሚመልሱትን የደም ሥሮች ይጫናል። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ የቆመች ሴት እግር ውስጥ ፈሳሹ ይጠራቀማል፤ ማታ ጋደም ስትል ደግሞ ቀስ በቀስ ይመለሳል። ሁለቱም እግር እኩል ካበጠ፣ ማታ ብሶ ጠዋት ከጎደለ፣ ግፊትሽም ደህና ከሆነ፣ የተለመደ ነው ማለት ይቻላል። ሲሞቅ ደግሞ ይብሳል።

ለማቃለል በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ እግርሽን ትራስ ላይ ከፍ አድርገሽ ለሩብ ሰዓት ያህል አረፍ በይ። ስትተኚ በግራ ጎንሽ ተኚ፤ ደም የሚመልሰው ትልቁ የደም ሥር ከአከርካሪ በስተቀኝ ስለሚያልፍ የማሕፀኑ ጫና ከላዩ ይነሣለታል። ቡና ሲፈላ ዝቅተኛ በርጩማ ላይ ጉልበትሽን አጥፈሽ ሁለት ሰዓት አትቀመጪ፤ ከፍ ያለ ወንበር ይምጣልሽ፣ በርጩማውን ለእግርሽ ማሳረፊያ አድርጊው። ብዙዎች እብጠቱ የውሃ ነው ብለው ውሃ መጠጣት ይቀንሳሉ፤ ይህ ስሕተት ነው። ጨውንም ፈጽሞ መተው አያስፈልግም፤ በልክ ተመገቢ።

የአማትሽን የጨው ውሃ በተመለከተ፣ ጨው በቆዳ በኩል እብጠት ይስባል የሚል ተስፋ አይኑርሽ። ውሃው እስካላቃጠለ፣ እግርሽም እስካልቆሰለ ድረስ ግን ጉዳት የለውም። እንዲያውም ቀዝቀዝ ያለ ውሃ እስከ ጉልበት ቢሆን ለእብጠት ይሻላል። አማትሽን አታስቀይሚ፤ ውሃውን ብቻ አብርጂው። ወንድ ነው የሚለውንም ለእሳቸው ተዪላቸው፤ እብጠት የፅንስ ጾታ አይለይም።

ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም የሚያስኬዱት ምልክቶች ግን ሌሎች ናቸው። ፊትና እጅ በድንገት ማበጥ፣ በፓራሲታሞል የማይለቅ ራስ ምታት፣ ዓይን ላይ ብልጭ ብልጭ ማለት ወይም ብዥታ፣ ከቀኝ የጎድን አጥንት ሥር የሚሰማ ሕመም፣ እነዚህ የእርግዝና ደም ግፊት ምልክቶች ሊሆኑ ይችላሉ። ሕመሙ ከ20ኛው ሳምንት በኋላ የሚመጣ ሲሆን ግፊቱ 140/90 ወይም ከዚያ በላይ ይሆናል። ከወሊድ በኋላ ባሉት ስድስት ሳምንታትም ሊከሰት ስለሚችል «ወልጃለሁ፣ አለፈ» ተብሎ አይተውም።

ከባሕር ዳር
ሲስተር የጻፉትን አንብቤ ዝም ማለት አልቻልኩም። ባለፈው ዓመት ስምንተኛ ወሬን እንደጨረስኩ ቀለበቴ በሳሙናም በቅባትም አልወጣ አለኝ። ፊቴ ሲሞላ ዘመዶቼ «እንዴት ያምርብሻል፣ ወፈርሽ» እያሉ ያመሰግኑኝ ነበር። ለሦስት ቀን ራሴን አመመኝ፤ ወቅቱ ጾም ስለነበር ረኀብ ነው ብዬ ነጠላዬን ግንባሬ ላይ ጠምጥሜ ሥራ ዋልኩ። በሦስተኛው ቀን ማታ በሩ ላይ ያለውን መጋረጃ ሁለት አድርጌ አየሁት። ሆስፒታል ስደርስ ግፊቴ 160/110 ነበር። በማግሥቱ በቀዶ ሕክምና ወለድኩ፤ ልጄ ያለጊዜዋ ብትመጣም ዛሬ ትድሃለች። ከዚያ በፊት በነበረው ክትትሌ እግሬ ማበጡን ተናግሬ ነበር፤ በዚያን ቀን ግን ግፊቴን የለካኝ ሰው አልነበረም። ስለዚህ እህቴ፣ የመለኪያው ጨርቅ ክንድሽ ላይ ሳይታሰር ከክትትል ክፍል አትውጪ።

ጥያቄ ያለው ባል
ይቅርታ፣ የወንድ ጥያቄ ይፈቀዳል? ባለቤቴ ስድስተኛ ወሯ ነው። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ባቷን ጨምድዶ ይይዛትና እየጮኸች ትነሣለች። እኔም ደንግጬ ባቷን በኃይል አሸዋለሁ። ልክ ነኝ?

አዋላጅ ነርስ
ወንድሜ፣ ከማሸት ይልቅ መወጠሩ ይፈጥናል። ጉልበቷን ቀጥ አድርገህ ያዝና ጣቶቿን ወደ ቅልጥሟ አቅጣጫ ቀስ ብለህ ግፋ፤ ባቷ ሲላላ በእጅህ ይታወቅሃል። ጣቶቿን ወደ ታች እንድትዘረጋ አታድርግ፤ ያን ጊዜ ይብስበታል። ከመተኛቷ በፊት ባቷን በዚሁ ዓይነት ጥቂት ጊዜ ብትወጥረው ሌሊት የመነሣቷ ነገር ይቀንሳል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጣው የእርግዝና ክትትል መመሪያ ለዚህ ሕመም እንዲህ ያለ ማፍታታትን፣ ማግኒዚየምን ወይም ካልሲየምን እንደ እናቲቱ ምርጫ ይመክራል። ኪኒኑን ግን ሐኪሟ ሳያዝ ከመድኃኒት ቤት አትግዛላት። ካልሲየም ከታዘዘላት ከአይረን ኪኒኗ ጋር በአንድ ሰዓት አትውሰድ፤ በመካከላቸው የጥቂት ሰዓታት ልዩነት ይኑር። አንድ ማሳሰቢያ ብቻ አለኝ፤ ሕመሙ ሲነጋም ካልለቀቃት፣ ባቷም ካበጠና ከሞቀ፣ እንዳታሻት፤ ይዘሃት ወደ ሕክምና ሂድ።

የወጌሻ ልጅ
እኔ ያደግሁት በወጌሻ ቤት ነው፤ ስለ ወጌሻ በንቀት ሲነገር ደስ አይለኝም። አባቴ በለጋ ቅቤ እያሹ ስንቱን ወለምታ አቃንተዋል፤ እርጉዝ ሴቶችም መጥተው እፎይ ብለው ይመለሱ ነበር። ተረከዝ የሚወጋው ጅማት ስለተዛባ ነው፤ ጥሩ እጅ ካገኘ ይመለሳል።

አዋላጅ ነርስ
የአባትህን ሙያ የናቀ የለም። እግርን በለስላሳ እጅ፣ በቅቤም ይሁን በቅባት፣ ከታች ወደ ላይ መዳበስ እኔም የምፈቅደው ነገር ነው። የምፈራው ሌላ ነው። እርጉዝ ሴት ደሟ ቶሎ የሚረጋ ስለሆነ እግሯ ውስጥ የደም መርጋት የመፈጠሩ ዕድል እርጉዝ ካልሆነች ሴት በብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ ከወለደች በኋላ ባሉት ሳምንታት ደግሞ ይበረታል። አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው ግራ እግርን ነው። አንዱ እግር ብቻ ያብጣል፣ ይሞቃል፣ ይቀላል፣ ባቱን ሲነኩት ያማል። ያን እግር በኃይል ያሹት እንደሆነ የረጋው ደም ተነቅሎ ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላል። ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠርና የደረት ውጋት ያን ጊዜ ይመጣል፤ ሕይወትንም ይነጥቃል። አባትህ ወለምታንና ይህን በእጃቸው ለይተው ያውቁ ይሆናል። ሁሉም ወጌሻ ይለያል ብዬ ግን እርጉዝ ሴት አልልክም።

በዚሁ ላይ ስለ አራስ ቤት አንድ ነገር ልጨምር። አራስ እንድታርፍ ገንፎውም አጥሚቱም ተገቢ ነው፤ ነገር ግን አርባ ቀን ከአልጋ አትውረድ ማለት እግሯ ውስጥ ደም እንዲቆም መፍቀድ ነው። በቀዶ ሕክምና የወለደችም ብትሆን ሐኪሟ እንደፈቀደላት ተነሥታ ቤት ውስጥ ትራመድ።

የወጌሻ ልጅ
አንድ እግር ብቻ ሲሆን ያሉትን አላውቅም ነበር። ተቀብያለሁ።

ፊዚዮቴራፒስት
ስለ እብጠቱ ሲስተር በሚገባ ስላስረዱ እኔ ወደ ተረከዙ ልሂድ፤ ምክንያቱም ጠያቂዋ የገለጸችው ሕመም፣ ማለትም ጠዋት የመጀመሪያው እርምጃ ላይ የሚወጋውና ጥቂት ሲሄዱ የሚቀልለው፣ በሙያችን በየቀኑ የምናየው ዓይነት ነው። ከተረከዝ አጥንት ተነሥቶ እስከ ጣቶች ሥር የሚዘረጋ ጠንካራ ሽፋን በውስጥ እግራችን አለ፤ የእግርን ቅስት እንደ ደጋን ገመድ ወጥሮ የሚይዘው እርሱ ነው። በእርግዝና ወቅት ሪላክሲንን የመሰሉ ሆርሞኖች ዳሌ ለወሊድ እንዲላላ ሲያዘጋጁ የእግርንም ጅማቶች አብረው ያላሏቸዋል። በዚያ ላይ ክብደት ይጨመራል፤ መካከለኛ ክብደት ይዛ የጀመረች ሴት ከ11.5 እስከ 16 ኪሎ ግራም እንድትጨምር ይጠበቃል። ሆድ ወደ ፊት ሲገፋ አረማመድም ይለወጣል፤ እግር ወደ ጎን ሰፋ ይላል፣ ውስጥ እግርም ወደ ውስጥ ይንጋደዳል። ቅስቱ ዝቅ ሲል እግሩ ይረዝማል፣ ይሰፋልም፤ ሽፋኑ ደግሞ ከተረከዝ ጋር በሚያያዝበት ቦታ ይጎተታል። ሌሊት ተኝተሽ ሳለ ተሰብስቦ ያድራል፤ ጠዋት በድንገት ስትቆሚበት ይወጠራል። ሚስማሩ ይህ ነው።

የሦስት ልጆች እናት የነገሩንም በጥናት የታየ ነገር ነው። የአሜሪካው አዮዋ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2013 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት 49 ሴቶችን በእርግዝና መጀመሪያና ከወለዱ ከአምስት ወር ገደማ በኋላ እግራቸውን ለክተው አወዳድረዋል። ከ60 እስከ 70 በመቶ በሚሆኑት ላይ እግራቸው ረዝሟል ወይም ሰፍቷል፤ የርዝመቱ ጭማሪ ከ2 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ለውጡ የጎላውም በመጀመሪያው እርግዝና ነው። እኛ አገር በምንጠቀምበት የአውሮፓ ልኬት አንድ የጫማ ቁጥር ሰባት ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ አንድ ቁጥር መጨመር የሚያስደንቅ አይደለም።

አሁን የሚሠራውን ልንገርሽ። ነጠላሽን ራስጌሽ አስቀምጪ። ጠዋት እግርሽ ወለል ሳይነካ አልጋው ላይ ተቀምጠሽ፣ ጉልበትሽን ዘርግተሽ፣ ነጠላውን የጣቶችሽ ሥር አዙሪውና ሁለቱን ጫፍ ይዘሽ ወደ ራስሽ ሳቢ። ባትሽና ውስጥ እግርሽ ሲወጠር ይሰማሻል፤ ሰላሳ ሰከንድ ያህል ይዘሽ ልቀቂ፣ ሦስት ጊዜ ድገሚው። ከዚያ ተነሺ። ማታ ደግሞ ትንሽ ሃይላንድ ውሃ ሞልተሽ ፍሪዘር ውስጥ አስገቢ፤ ሲበርድ በቀጭን ጨርቅ ጠቅልለሽ ወንበር ላይ ተቀምጠሽ በውስጥ እግርሽ ከተረከዝ እስከ ጣት ወዲያና ወዲህ አንከባልይው። አሥር ደቂቃ ይበቃል። ቆመሽ አታድርጊው፤ ሊያንሸራትትሽ ይችላል።

ጫማን በተመለከተ፣ ስስ ሸበጥም ታኮም ለዚህ እግር አይሆኑም። ተረከዙን አቅፎ የሚይዝ፣ መሐሉ በቀላሉ የማይጠመዘዝ፣ ሦስት ሳንቲ ሜትር የማይሞላ ዝቅተኛ ከፍታ ያለው ጫማ ፈልጊ። የምትገዢው ማታ እግርሽ ሲያብጥ ይሁን፤ ቆመሽ ስትለኪው ከረጅሙ ጣትሽ ፊት የአውራ ጣት ስፋት ይቅር። ከውስጥ የሚገባ ቅስት ያለው ሶል ከሊስትሮዎችም ከጫማ ሰፊዎችም ይገኛል፤ ውድ መሆን የለበትም፣ ብቻ በእጅሽ ስትጫኚው እንደ ስፖንጅ ጠፍጥፎ የሚቀር አይሁን። ቤት ውስጥም ባዶ እግር ይቅር።

የመድኃኒት ቤት ባለሙያ
አንድ ነገር ተዘልሏል። ተረከዝ ሲያም ብዙዎች ዘለው ወደ ዲክሎፌናክ ይሄዳሉ፤ ቅባቱንም «ከላይ ነው፣ ምንም አያደርግም» ብለው ይቀቡታል። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ከ20ኛው ሳምንት በኋላ የፅንሱን ኩላሊት በመጉዳት የእንሽርት ውሃን ሊያሳንሱ ይችላሉ፤ በመጨረሻዎቹ ወራት ደግሞ ከፅንሱ ልብ አጠገብ ያለ የደም ቧንቧ ያለጊዜው እንዲጠብብ ያደርጋሉ። ቅባቱም ቢሆን ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይወሰድ። ለሕመም ማስታገሻ ፓራሲታሞል በታዘዘው መጠን ይሻላል። ስትጠይቁን «እርጉዝ ናት» ማለትን አትርሱ፤ በተላከ ልጅ እጅ ስትገዙ እኛ ማወቅ አንችልም።

ከቨርጂኒያ
እኔ የምኖረው አሜሪካ ነው፤ አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት በአንድ ፈረቃ አሥራ ሁለት ሰዓት እሠራለሁ። በሁለተኛው እርግዝናዬ ያዳነኝ እግርን ጨምቆ የሚይዘው የሕክምና ስቶኪንግ ነው። ምስጢሩ የሚለበስበት ሰዓት ላይ ነው፤ ጠዋት ከአልጋ ሳልወርድ፣ እግሬ ሳያብጥ አደርገዋለሁ፣ ስተኛ አወልቀዋለሁ። ካበጠ በኋላ ለማስገባት የሞከርኩ ቀን ባለቤቴ ሲስብ እኔ ስገፋ ሁለታችንም ላብ በላብ ሆነን ተውነው። የላስቲኩ ጫፍ ጉልበት ሥር ታጥፎ እንዳይቀመጥ ተጠንቀቁ፤ እንደ ገመድ ያስራል።

የሠራተኛ ጉዳይ አማካሪ
መምህርት፣ የመንግሥትም ሆነ የግል ተቀጣሪ ብትሆኚ ለእርግዝና ምርመራ የምትሄጂበት ጊዜ ከነደመወዝሽ ሊፈቀድልሽ ይገባል፤ አሠሪው የሕክምና ማስረጃ ሊጠይቅሽ ይችላል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት ከሙሉ ደመወዝ ጋር ይሰጣሉ። ሐኪም «ለረጅም ጊዜ መቆም የለባትም» ብሎ ከጻፈልሽ ወረቀቱን ለርእሰ መምህሩ በደብዳቤ አስገቢ፤ በቃል የተነገረ ይረሳል።

የሂሳብ መምህርት
ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሼ መጥቻለሁ፤ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሲስተር፣ እንዳሉኝ በማግሥቱ ሄድኩ። ካርዴን ስገልጥ ባለፉት ሁለት ክትትሎች የግፊት ቦታው ባዶ ነበር። አሁን ተለክቶ 110/70 ሆነ፤ ሽንቴም ንጹሕ ነው። ሁለቱ እግሮቼ በሜትር ተለክተው እኩል ሆኑ። ይህን ስሰማ ከተረከዜ በፊት ልቤ ነው የቀለለኝ።

ነጠላው ሠርቷል። የመጀመሪያው ሳምንት ምንም ለውጥ ስላላየሁ ልተወው ነበር፤ በሁለተኛው ሳምንት ግድግዳ ሳልይዝ መታጠቢያ ቤት መድረስ ቻልኩ። አሁን ጠዋት ይቆጠቁጠኛል እንጂ አይወጋኝም፤ አምስት ክፍለ ጊዜ ባለኝ ቀን ግን ማታ ይመለሳል። ሶሉን ከትምህርት ቤቱ በር ላይ ካለው ሊስትሮ ገዛሁ፤ ልጁ በመቀስ ልክ ልኩን ቆርጦ አስገባልኝ። ርእሰ መምህሩ ከሐኪም ያመጣሁትን ወረቀት አይተው ሦስቱን ክፍሎቼን ወደ ምድር ቤት አወረዱልኝ፤ ሰሌዳው አጠገብም ከፍ ያለ ወንበር ተቀምጦልኛል። ተማሪዎቼ ተቀምጬ ሳስተምር መጀመሪያ ላይ ያመመኝ መስሏቸው ጸጥ ብለውልኝ ነበር፤ አሁን ለምደውታል፣ ጸጥታውም አብቅቷል።

አማቴ ውሃውን ማብረድ አልወደዱም። ተስማምተን ለብ ያለ ሆኗል፤ ጨዉ ግን አልቀረም።

አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል፣ እትዬ የሦስት ልጆች እናት፤ ቁጥር 39 የሸራ ጫማ ገዝቻለሁ። 38ቶቹን ለእኅቴ ልስጣቸው ወይስ ልጠብቅ?

የሦስት ልጆች እናት
አሁን አትስጪ። የወሊድ እብጠት የሚሄደው በሳምንታት ውስጥ ነው፤ እንዲያውም በወለድሽ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ግሉኮስ ከተሰጠሽ እግርሽ ይብስ ሊነፋ ይችላል፣ አትደንግጪ። ልጁ አምስት ወር ሲሆነው፣ ማታ ላይ፣ ወረቀት ላይ ቆመሽ እግርሽን በእርሳስ አስከብቢው፤ 38ቱን ጫማ ከላዩ አስቀምጪው። መስመሩ ከጫማው ውጪ ከታየሽ ያን ጊዜ ለእኅትሽ ስጫት። ታኮዎቹን ግን ዛሬም መስጠት ትችያለሽ።